ከደጃፉ ወዲያ የታየችው ነጥብ

ነገሩ እዚህ ላይ ደርሷል። ኃይለሚካኤል በጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባሉ መጋዘኖች ውስጥ ሰውና ዕቃ የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስ ነው። ወለላ በሆዳን ሰፈር በአንድ ባለጸጋ ነጋዴ ቤት ተቀጥራ የነጋዴውን አሮጊት እናት የምታስታምም ልጅ ናት። ከተዋደዱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። እርሱ የተማረበትን ዓመት፣ እርሷ የተቀጠረችበትን ቤት እየጠቀሰ «አይሆንም» የሚል ዘመድ አልጠፋም፤ ሆኖም ባለፈው ዓርብ ቃል ተሰጣጥተዋል። በመጪው ዓርብ የእርሱ ሽማግሌዎች ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የደብሪቱ ምግብ ቤት ሄደው ሊጠይቁ ተቀጥሯል። ወለላ በዚህ ከተማ አባትም እናትም የላትምና የሚጠየቀው ደጃፍ እንደ ታላቅ እህት የምታያት የደብሪቱ ደጃፍ ነው።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኃይለሚካኤል ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ ገጽ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ያይ ነበር። ነጥቧ ወለላ ናት። ያለችውም በአሠሪዋ ቤት ሳይሆን በጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው።

ይህን ነጥብ ማየት አይገባውም ነበር። እንዴት ሊያየው እንደ በቃ ግን መናገር ያስፈልጋል።

የነጋዴው እናት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በሶማልኛ «አዬዮ»፣ አያቴ፣ እያለ የሚጠራቸው፣ ከሰማንያ ዓመት ያለፉ ሴት ናቸው። ሁለት ጊዜ በቀትር ፀሐይ ከግቢ ወጥተው ጠፍተዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ የተገኙት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ደጅ፣ መሄዱን ካቆመ ዘመን ያስቆጠረውን የድሬዳዋ ባቡር ቆመው ሲጠብቁ ነው። ከዚያ ወዲህ ምራታቸው ማዳም ሙኒራ እንቅልፍ አጣች። «በባሌ መጋዘን የተከልከውን ለቤቴም ትከልልኝ፤ አዬዮ እግራቸውን ከደጃፍ ሲያሻግሩ ይጩህልኝ» ብላ ኃይለሚካኤልን አስጠራችው። እርሱም ሥራውን በደስታ ተቀበለ፤ የደስታውን ምክንያት ግን ለማዳም ሙኒራ አልነገራትም።

መሣሪያው ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ፣ ቢኮን የሚባሉ ነጫጭ ዕቃዎች በየክፍሉ ግድግዳና በየበሩ ጉበን ላይ ይለጠፋሉ። እያንዳንዳቸው በሬዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ስማቸውን ይናገራሉ። አዬዮ በእጃቸው ያሰሩት አምባርና አስታማሚያቸው የምትይዘው ስልክ ይህን ይሰማሉ። ድምፁ ሲበረታ «ውስጥ» ይላሉ፤ ድምፁ ደክሞ ከሰማይ የሚመጣው የሳተላይት ምልክት ሲጎላ «ውጭ» ይላሉ። ጭንቁ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። መሣሪያው ከቸኮለ አሮጊቷ መስኮት አጠገብ በቆሙ ቁጥር ይጮኻል፤ ከዘገየ ደግሞ የሚጮኸው እርሳቸው አስፋልት ከደረሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ኃይለሚካኤል ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ በእጁ ይዞ በዚያ ደጃፍ ሲገባና ሲወጣ ዋለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ!» ትለው ነበር ወለላ በጨርቅ መስታወት እያበሰች። «ጎረቤት ምን ይላል?»

«ቤቱን እያስተማርኩት ነው።»

«ምኑን?»

«ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ።»

«እሱንማ ማዳም ሙኒራ ቀድማ ተምራዋለች። ምን አስተማሪ አስፈለጋት?»

ሥራው አለቀ። ሲያልቅ መዘጋት የነበረበት አንድ ነገር ግን ሳይዘጋ ቀረ፦ የአስታማሚዋን ስልክ መግቢያና መውጫ የሚጽፈው መዝገብ። ለሙከራ የተከፈተ ነበር። ኃይለሚካኤል ሳይዘጋው ቀረ፤ ለወለላም አልነገራት። ማታ ማታ ሳይሆን ቀን በሥራ መካከል ገጹን ከፍቶ ነጥቧ ከወጥ ቤት ወደ አዬዮ ክፍል ስትሄድ ያያል፤ ልቡም ይሞቃል። ናፍቆት ነው እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ሌባም ሲያዝ ርቦኝ ነው ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት ነጥቧ መውጣት ጀመረች። በየቀኑ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ከተማው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ በሚያርፍበት በዚያ ሰዓት፣ ነጥቧ ከቤቱ ትለይና በጎረቤት ግቢ ላይ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። በዚያ ግቢ ዓብዱሰመድ የሚባል ወጣት ሹፌር አለ። አንድ ጊዜ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ አስገብቶላት፣ «ጨዋ ልጅ ነው» ስትል ኃይለሚካኤል ከራሷ አፍ ሰምቷል። ያን ጊዜ ምንም ያልነበረው ቃል ዛሬ እንደ እሾህ ወጋው።

ዐሥራ አንድ ቀን። ቆጥሯቸዋል። ባለፈው ዓርብ እጇን ይዞ ቃል ሲሰጣት እንኳ ስድስቱን ያውቅ ነበር። አልጠየቃትም። ቢጠይቃት እንዴት እንዳወቀ መናገር ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ የራሱን ነውር ለመሸፈን ሲል የእርሷን እያገዘፈ በልቡ አኖረው።

ስልኩ በእጁ እንዳለ ጠራ። ማዳም ሙኒራ ናት። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ አማርኛዋ አይሰናከልም።

«ኢንጂነር፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እቤት ና። መሣሪያህ የማላውቀውን አሳወቀኝ። ይቺ ልጅ ዓይኔ ሲከደን ከቤቴ ትወጣለች አቦ! አዬዮን ብቻቸውን ጥላ! እዚህ ገጽ ላይ በዓይኔ አየሁት። አንተ የሚጠበቅብህ መሣሪያው እንደማይሳሳት ጽፈህ መፈረም ነው። ያንን ላመጣት ኤጀንሲ እሰጥና ቅዳሜ ወደ ጋላፊ በሚወጣ መኪና ትሸኛለች።»

ጋላፊ ድንበሩ ነው። በዚያ በኩል እንዲህ ያለ ወረቀት ተይዞላት የምትመለስ ሴት ከስሟ ጋር አትመለስም። ኃይለሚካኤል «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ የቀመሰው ምግብ ምን እንደነበር አያውቅም።

*

ሐሙስ ዕለት ሳሎኑ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አየር ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ ጠበቀው። ማዳም ሙኒራ በሶፋው ጫፍ ተቀምጣለች። ወለላ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ በላብ ረጥቧል፤ ስልኩ በክር ተንጠልጥሎ ደረቷ ላይ ይታያል። ኃይለሚካኤልን ስታየው ዓይኗ በራ፤ ወዲያውም ጨዋነት ስለሚያዝ አቀረቀረች። በዚህ ቤት እነርሱ እንደማይተዋወቁ ናቸው።

«አሁንም ከየት እንደመጣች እይልኝ» አለች ማዳም ሙኒራ። «ልጅት፣ በኢንጂነሩ ፊት ድገሚው። የት ነበርሽ?»

«ከዚህ ግቢ አልወጣሁም፣ ማዳም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጎረቤት ቤት የሚያሳየው ጂኒ ነው?»

«ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ከግቢ አልወጣሁም።»

«ከግቢ ካልወጣሽ እዚህ ቤት ውስጥ የት ነበርሽ? ጠርቼሽ አጣሁሽ እኮ!»

ወለላ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ኃይለሚካኤል በግልጽ አየ፤ ዝምታውን ግን እንደ በደለኛ ዝምታ አነበበው።

«ከዚህ ሌላ የምናገረው የለኝም» አለች በመጨረሻ።

«መልካም። እንግዲህ ባለሙያው ይፍረድ።» ማዳም ሙኒራ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። «መሣሪያህ ይዋሻል ወይስ አይዋሽም?»

ወለላ ቀና አለች። ልመና አልነበረም በዓይኗ። ለቅሶም አልነበረም። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ገብቶ ወንበሩ በነበረበት እንደሚያገኘው እርግጠኛ ሆኖ እጁን እንደሚዘረጋ፣ እርሷም እንዲሁ ተመለከተችው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «እርሷ አትዋሽም» ቢል፣ ሥራው ቢቀርበት፣ ማዳም ሙኒራ ብትስቅበት፣ በዚያች ቅጽበት ወለላ የማንም ሠራተኛ ሳትሆን የሚያምናት ሰው ያላት ሴት ትሆን ነበር።

«ልመርምረው» አለ ኃይለሚካኤል።

ቃሉ ትክክል ነው። ማንኛውም ጠንቃቃ ባለሙያ የሚለው ቃል ነው። ነገር ግን ሰው ትክክል በሆነ ቃል የወዳጁን ልብ ሊሰብር ይችላል። ወለላ አልተቆጣችም። የተዘረጋው እጅ ወንበሩን አጣው፤ ያ ብቻ ነው በፊቷ ላይ የታየው።

ወደ ጓዳው በሚወስደው መተላለፊያ ደርሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዛት።

«ወለላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለእኔ ብቻ።»

«ነገርኩህ።»

«የት ነበርሽ?»

«መርምር እንጂ! ለመርማሪ ምን ይነገራል?»

«አትቀልጂ፣ የነገ ሽማግሌዎች...»

«እኔ ነኝ የምቀልድ?»

ያን ጊዜ ለዐሥራ አንድ ቀን የታመቀው ነገር አፈተለከ። «ዓብዱሰመድ ነው?» አላት።

«የማዳም ገጽ ቤቱን እንጂ የሹፌሩን ስም አያሳይም» አለች በዝግታ። «ስሙን ያገናኘኸው አንተ ነህ። አስበህበታል ማለት ነው። አንተም ታየኝ ነበር?»

አንገቱን ደፋ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ይህን ስልክ» አለች ደረቷ ላይ ያለውን ነክታ፣ «ሥራዬ ሁሉ ላይ አንጠልጥዬው ስዞር፣ ከአንተ እጅ የመጣ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ማተብ ነበር የማየው። ለካ ገመድ ኖሯል።»

ጥላው ሄደች። ከአዬዮ ክፍል የአሮጊቷ ድምፅ «ወለላ፣ ሆይ ወለላ» እያለ ይጣራ ነበር፤ እርሷም ምንም እንዳልሆነ ሰው «መጣሁ እናቴ» ስትል ኃይለሚካኤል ሰማ። ያ የለሰለሰ ድምፅ ከቁጣ ሁሉ ይልቅ አስፈራው።

*

መረመረ። ስልክ በእጁ ይዞ ክፍል ለክፍል ዞረ፤ «ውስጥ» አለው፤ ትክክል ነው። በረንዳው ላይ ቆመ፤ «ውስጥ» አለው። ከበሩ ደፍ ሁለት እርምጃ ወጣ፤ «ውጭ» አለው። ወጥ ቤቱን፣ የልብስ ማጠቢያውን ጥግ፣ የጄኔሬተሩን ክፍል ፈተሸ፤ መሣሪያው አንድም ቦታ አልሳተም። በእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ የኃይለሚካኤል ልብ ይበልጥ ወረደ። የገዛ እጁ ሥራ ፍጹም መሆኑን እየተመኘ የኖረ ሰው፣ ዛሬ እንከን እንዲገኝበት ይጸልይ ጀመር፤ እንከኑም አልገኝ አለው።

የቀረው ከቤቱ ጀርባ ያለው የብረት ደረጃ ነበር። በዚያ ምንም ቢኮን አልተከለም። ሥራውን ሲጀምር ማዳም ሙኒራ፣ «ጣራ ላይማ በዚህ ፀሐይ ማን ይወጣል? አዬዮም ደረጃ አይችሉም» ብላው ነበር፤ እርሱም ራሱ ወጥቶ ሳያይ አመናት። የአሠሪዋን ቃል ሳይመረምር አምኖ የወዳጁን ቃል ሊመረምር መነሣቱን በዚያች ሰዓት ገና አልተገነዘበውም።

የደረጃው ብረት እጅ ያቃጥላል። ጣራው ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ዓይኑን መታው፤ ከወደብ በኩል የክሬኖቹ ራስ፣ ከዚያም ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ይታያል። ስልኩን ተመለከተ።

«ውጭ» ይላል።

በእግሩ ሥር ያለው፣ ብረት የተቀበረበት ወፍራም ኮንክሪት፣ ከታች የሚመጣውን የቢኮኖቹን ድምፅ ውጦታል። ከራሱ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ትልቁ የብረት የውሃ ታንከር ደግሞ የሳተላይቱን ምልክት እያነጠረ ስፍራውን ያዛባዋል። ኃይለሚካኤል ነጥቡን እያየ ቆመ። ነጥቡ ተንቀጠቀጠ፤ ግድግዳውን ተሻገረ፤ ሄዶም በጎረቤት ግቢ መካከል ተቀመጠ። አሁን እርሱ ራሱ፣ በመሣሪያው ምስክርነት፣ ዓብዱሰመድ ቤት ነው።

ከታንከሩ ጀርባ፣ ከመንገድ እንዳይታይ ዝቅ ተደርጎ በታሰረ ገመድ ላይ፣ ሁለት አንሶላዎች፣ አንድ የፍራሽ ልባስና የአዬዮ ሰፊ ቀሚስ ተሰጥተዋል። ደርቀው ደርቀው እንደ ሰሌን ከርረዋል፤ የሚያነሣቸው ሰው ሳሎን ውስጥ ተጠርቶ በመቆሙ ነው። በጥግ በኩል ሳሙናና አንድ ባልዲ አለ።

ሁሉ ነገር ባንድ ጊዜ ገባው። የአዬዮ ማስታወስ ደክሟል፤ ማፈራቸው ግን አልደከመም። ይህን ቤት ያቀኑ፣ ልጅ ድረው ምራት ያመጡ ሴት፣ አሁን አልጋቸውን እንደ ሕፃን እንደሚያረጥቡ ከዚያች ምራት ፊት ሊታወቅባቸው አይችሉም። ስለዚህ ወለላ፣ ቤቱ ባረፈበት ሰዓት፣ የሴትዮዋን ክብር በባልዲ ተሸክማ ይህን የሚፋጅ ደረጃ ትወጣለች። ስልኩንም ይዛው የምትወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዬዮ ነቅተው ወደ ደጃፍ ቢሄዱ ጩኸቱን ሰምታ ልትወርድ ነው።

ደስታ መጣለት፤ ዕድሜው ግን የአንድ ትንፋሽ ያህል ነበር። ከኋላው ሌላ ነገር ተከትሎት ደረሰ። አሁን ያምናታል፤ ነገር ግን አሁን ማንም ያምናታል። ሁሉ የሚችለውን እምነት ለወዳጁ ገጸ በረከት ብሎ ይዞ መውረድ እንዴት ያለ ሐፍረት ነው!

ደረጃው ሥር ወለላ ቆማ ጠበቀችው።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«እንግዲህ ሁለት ሆንን። እጄን ይዘው አልቅሰው፣ 'በአላህ ይሁንብሽ ለልጄ ሚስት እንዳትነግሪ' ብለውኛል። ዐሥራ ሁለት ቀን የጠበቅሁትን ቃል ዛሬ አንተ ብታፈርሰው፣ ጋላፊ ከመጣሌ ይልቅ ያ ይከፋኛል።»

«ታዲያ በምን ላድንሽ?»

«አድነኝ አላልኩህም» አለችው። «እመነኝ ነበር ያልኩህ። እሱ አልፏል።»

*

ማዳም ሙኒራ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አስተካክላ ትጠብቀዋለች። ኃይለሚካኤል አልተቀመጠም።

«አልፈርምም፣ ማዳም። መሣሪያው ተሳስቷል።»

«ትናንት እሺ ብሎኝ ያደረ ሰው!»

«ይመልከቱት።» የራሱን ስልክ አሳያት። «ከግቢዎ አልወጣሁም። ያለፈውን ሩብ ሰዓት ግን ጎረቤት ነበርክ ይለኛል።»

ማዳም ሙኒራ ገጹን ወደ ዓይኗ አቀረበች። «ዋላሂ! አንተም ዓብዱሰመድ ጋ ሻይ ስትጠጣ ኖረሃላ!» ሳቋ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። ሞኝ ሴት አይደለችም። «የት ላይ ቆመህ ነው እንዲህ ያለህ?»

በሩ አጠገብ የወለላ ትንፋሽ ሲቆም ተሰማው። አንድ ቃል፣ «ጣራ» የሚል ቃል፣ ቢናገር ሁሉ ነገር ያበቃል፤ እርሱም ንጹሕ ባለሙያ ሆኖ ይወጣል። ማዳም ሙኒራም ወዲያው ደረጃውን ትወጣለች።

«መትከል በነበረብኝ ቦታ ሳልተክል ቀርቻለሁ። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የእኔ ነው።»

«ቦታውን ጠየቅሁህ እኮ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልነግርዎም። ሌላም ጥፋት አለብኝ። የዚህችን ልጅ ስልክ መዝገብ ሥራው ሲያልቅ መዝጋት ሲገባኝ ክፍት ትቼዋለሁ፤ ለእርሷም አልነገርኳትም። እርስዎ መሣሪያ ያዘዙኝ ለአዬዮ ነው። ለእርሷ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። አሁን እዘጋዋለሁ።»

ማዳም ሙኒራ ከእርሱ ወደ ወለላ፣ ከወለላም ወደ እርሱ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ምን እንዳየች እግዜር ይወቅ። «ሥራውን የማያውቅ ሰው መጋዘኑን እንዴት ይዞት ይኖራል ብዬ ለባሌ እነግረዋለሁ» አለች።

«ይንገሩት።»

«እነግረዋለሁ ነው የምልህ!»

«ሰምቻለሁ፣ ማዳም።»

ወረቀቱን ቀደደችው። «ልጅቷ ትቆይ» አለች በንዴት። «አዬዮ ከሌላ ሰው እጅ አይበሉም። ሂድልኝ አንተ!»

ሲወጣ ወለላ በሩን ያዘችለት፤ ማንኛዋም ሠራተኛ ለማንኛውም እንግዳ እንደምትይዘው። አላየችውም። ኃይለሚካኤል ስሟን አድኖ ሲያበቃ እርሷን ያጣ መሰለው፤ በሆዳን ጎዳና ላይም ፀሐዩ ሳይሰማው ተራመደ።

*

ዓርብ ጠዋት ደብሪቱ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጠችው። የወለላ ጽሑፍ ነው።

«ኃይለሚካኤል፤ ስለ አዬዮ ዝም ማለትህን አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ውለታ ግን ለእርሳቸው ዋልከው እንጂ ለእኔ አልዋልከውም፤ ስለዚህ በእሺታዬ አልከፍልህም። ሽማግሌዎችህን አትመልስ፤ ዛሬ በአራት ሰዓት እመጣለሁ። ምን እንደምመልስ ገና አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እስክመጣ ድረስ የት እንዳለሁ አትፈልግ። ወለላ።»

የደብሪቱ ምግብ ቤት ለተመጋቢ ተዘግቶ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ከሽማግሌዎቹ መካከል ተናጋሪው የኃይለሚካኤል አጎት አቶ ጀንበሬ ናቸው፤ ሃያ ዓመት በወደቡ በትራንዚተርነት የሠሩ፣ ወረቀት ካላዩ የማያምኑ ሰው። ሁለቱ ጓደኞቻቸው የአዲስ አበባን መንገድ ሲመላለሱ ያረጁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው።

አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ወለላ አልመጣችም።

«ጋላፊ ላይ እንኳ እንዲህ ተሰልፈን አናውቅም» አሉ አቶ ጀንበሬ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ጋላፊ የሚጠብቁት ማኅተም ነው፣ አባቴ፤ እዚህ የሚጠብቁት ሰው ነው» አለች ደብሪቱ። «ይታገሡ።»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማርነው ልጅ ለሰው ቤት ሠራተኛ ደጅ ይጥና ብለሽ ነው?»

«በሰው ቤት የሠራች የራሷን ቤት ታውቅበታለች። እርስዎም የሰው ዕቃ ሲያስጭኑ ነው ያረጁት፤ ማን አነወረዎት?»

ሹፌሮቹ ሳቁ። አቶ ጀንበሬ ጢማቸውን አሹ። ኃይለሚካኤል አልሳቀም።

አምስት ሰዓት ሆነ። ምን ሆና ይሆን? ማዳም ሙኒራ ሌሊቱን አስባበት ጣራ ወጥታ ይሆን? ኤጀንሲው ያለ ወረቀትም ወስዷት ይሆን? ቅዳሜ የተባለው መኪና ዛሬ ተነሥቶ ይሆን፣ እርሷም አሁን በበረሃው መካከል ከማታውቀው ሹፌር አጠገብ ተቀምጣ ይሆን? ወይስ ምንም አልሆነች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ አስባ፣ ላለመምጣት ወስና ተመልሳ ገብታ ይሆን? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነበር።

ስልኩ በኪሱ ነው። መዝገቧን ዘግቶታል፤ የተከለው ሰው ግን በሁለት ንክኪ መልሶ ሊከፍተው ይችላል። ማንም አያውቅም። እርሷም አታውቅም። ነጥቧን አይቶ፣ መንገድ ላይ መሆኗን አረጋግጦ መዝጋት ብቻ ነው፤ ለክፋት አይደለም፣ ደኅንነቷን ለማወቅ ነው። ሰው ሊያደርገው ያሰበውን ስሕተት ሁሉ አስቀድሞ እንዲህ በመልካም ልብስ ያለብሰዋል። ጣቱ በገጹ ላይ ደረሰ።

ከፈተው። ወደ ነጥቧ ግን አልሄደም። የተካዩን መክፈቻ፣ ቤቱን ሁሉ ከሩቅ እንዲያይ የሚያስችለውን የራሱን ፈቃድ፣ የያዘውን ገጽ አወጣ። «ከተሰረዘ አይመለስም» ይላል። ሰረዘው።

ዕረፍት የሚያገኝ መስሎት ነበር። አላገኘም። ጭንቀቱ በእጥፍ ጨመረ፤ አሁን የሚሸሽበት ጓዳ የለውምና። ማመን ጭንቀትን የሚያስወግድ መድኃኒት አይደለም፤ ጭንቀቱን በጉልበት ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ይህን ኃይለሚካኤል በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ በአንድ ምግብ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተማረ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወለላ ገባች። ነጠላዋ በላብ ከትከሻዋ ተጣብቋል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥታ ወደ ጓዳ አለፈች። ምክንያት አልተናገረችም።

አቶ ጀንበሬ እንደ ወጉ ተነሥተው ጠየቁ፤ ነገሩ ሲደርስ አንደበታቸው እንዳሰቡት ሻካራ አልነበረም። ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገባች። ተመልሳም እጆቿን አጣምራ ቆመች።

«ሰምተናል። ልጅቷም ሰምታለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

አቶ ጀንበሬ ደስ አላቸው። «ወግ ነው» አሉ ለሹፌሮቹ እየወጡ። «የጨዋ ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም።» ኃይለሚካኤል ግን ያን ማወቅ አልቻለም። ወግ ነው ወይስ እምቢታ ነው? በአንድ ዓይነት ቃል የሚነገሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሚለያቸው መሣሪያም የለም።

ሌሎቹ ከራቁ በኋላ ወለላ ወደ በሩ መጣች። እርሱ በፀሐዩ ውስጥ፣ እርሷ በጥላው ውስጥ ቆሙ።

«ለምን እንደዘገየሁ አትጠይቀኝም?»

«ልጠይቅሽ በጣም እፈልጋለሁ» አላት። «አልጠይቅሽም።»

«የደብሪቱ ቃል ምን ማለት እንደሆነስ?»

«እሱንም።»

«ሁለት ሳምንት እንዲሁ ትቆያለህ?»

«እቆያለሁ።»

ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። በፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ያ የተዘጋ ነገርም ግን አልነበረም። እርሱም ከዚያ ፊት ላይ ምንም ለማንበብ አልሞከረም፤ አየው እንጂ።

«ጨንቆሃል?» አለችው።

«በጣም።»

ወለላ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጠቀለለች፤ ወደ መንገዱ፣ ከዚያም ወደ እርሱ ተመለከተች።

«እኔንም» አለች።